ፈተና እስኪያልፍ የቆየ መርዶ

ሃያ ዓመት ያህል ዜና ስሠራ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። አንደኛው ሪያድ ውስጥ፣ ሱወይዲ ሰፈር፣ ሰባት የተከበሩ ሰዎች ምንጣፍ ላይ በተቀመጡበት ቤት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ሳምንት ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ያኔ የተጣላሁትም በዚሁ ጠባዬ ነበር።

ጊዜው ኮሮና ከመግባቱ በፊት የነበረው ዓመት ነው። ቀን ባጥሐ በሚባል የገበያ ሰፈር ውስጥ በአንድ የትርጉም ቢሮ እሠራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ አገር ቤት ላለ ሬዲዮ ስለ ስደተኛው ኑሮ ዘገባ እልካለሁ። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተስተካከለ ነበር። ዐረብኛዬ ደህና ነው፤ አሮጌም ብትሆን መኪና አለችኝ። ስለዚህ የእኛ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ወይም ከአሠሪው ሲጣላ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ጋሽ ሰይድ ደወሉ። ዲራ ገበያ ውስጥ በአንድ የጨርቅ መደብር ጣቃ የሚሸከሙ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ የተጠጋ የወሎ ሰው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ቶሎ ድረስልኝ። ልጁን ሊያባርሩት ነው።»

«የቱን ልጅ?»

«ሙኽታርን ነዋ! ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ?»

ሙኽታር የእህታቸው ልጅ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሪያድ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። የሱወይዲ ወሎዬ ሁሉ የእኔ ልጅ የሚለው፣ ቁም ነገረኛና ዝምተኛ ልጅ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አባቱ ማረፉን ሰምቼ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄጄ ለቅሶ ደርሼዋለሁ። ከዚያ ያለፈ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከመሄዴ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ደንብ ፈልጌ አነበብኩ። ከአንድ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ከሩብ በላይ የቀረ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና አይቀመጥም። ሒርማን ይሉታል፤ መከልከል ማለት ነው። በቂ ምክንያት ካቀረበ ይታይለታል። ያቀረበው ምክንያት ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ መቅረት መሆኑ ያበቃና የሥነ ምግባር ጥፋት ይሆናል፤ ቅጣቱም እስከ መሰናበት ይደርሳል። በዩኒቨርሲቲው ስም ኢቃማ የያዘ የውጭ ተማሪ ከተሰናበተ ኢቃማው ይሰረዛል፤ የሚቀረው ወደ አገር መግባት ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልነበረው የእኛ ቤት ነገር ነው።

ሱወይዲ፣ ጋሽ ሰይድ ቤት ስደርስ ሰባቱ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሙኽታር በሩ አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ አንገቱን ደፍቷል።

«ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አልኩ።

«ምን መጀመሪያ አለው?» አሉ ጋሽ ሰይድ። «አባቱ ሞተ፤ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ትምህርት ቀረ። ለሐዘን የቀረ ልጅ ይባረራል? እስላም አገር አይደለም እንዴ ይሄ?»

«አባቱ መቼ ነው ያረፉት?»

የሚያየኝ ጠፋ። ወንበር የለም እንጂ ቢኖር አንዱ ተነስቶ ያስተካክል ነበር።

«መስከረም ላይ» አለ በመጨረሻ ከዳር የተቀመጠው፣ ሹፌር የሆነ ሰው።

«ለቅሶ የደረስኩት በየካቲት ነው።»

«በየካቲት ነዋ የነገርነው!» አሉ ጋሽ ሰይድ ቆጣ ብለው። «መስከረም ላይ እንዳንነግረው ትምህርት ገና ጀምሯል። ኅዳር ላይ እንንገረው ስንል ፈተና አለ። ታኅሣሥ ላይ ስንል ትልቁ ፈተና ደርሷል። ይሄ ዩኒቨርሲቲ ፈተና አያልቅበትም እኮ! ልጁ በሰው አገር ብቻውን ነው፤ ሰምቶ ቢወድቅስ? እናቱም ራሷ ‹አደራ፣ እስኪጨርስ› ብላ አስምላናለች።»

«እስኪጨርስ ከሆነ ለምን በመሃል ነገራችሁት?»

«ከመንደራቸው አንድ ልጅ መጣ» አለ ሹፌሩ። «አፉ አያርፍም። ባጥሐ ላይ ድንገት ቢያገኘውና ‹አላህ ይዘንላቸው› ቢለውስ? ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ‹ና እዚህ እደር› ብለን ጠራነው፤ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተሰብስበን አረዳነው።»

እዚህ አገር ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሑድ የሳምንቱ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ነው።

«ዓርብ ብትነግሩት ኖሮ ሁለቱ ቀን ዕረፍት ነበር» አልኩ።

«በጁምዓ ቀን መርዶ ይነገራል?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ የእኔ አለማወቅ እያሳዘናቸው።

«እሺ። ከዚያስ ሦስት ቀን ተቀምጦ ለምን አልሄደም?»

«ሰው ገና እየመጣ! ከደማም የመጣ አለ፤ ከጂዳ የመጣ አለ። ባለ ለቅሶው የለም፣ ክፍል ገብቷል ልንላቸው ነው?»

እናም ልጁ ከሳምንት በላይ እንግዳ ሲቀበል ሰነበተ። ከዚያ በፊትም የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ትምህርት ላይ ያረፈደባቸው ቀኖች ነበሩ፤ መምህሩ ዘግይቶ የገባን እንደቀረ ነው የሚቆጥረው። ሁሉም ሲደመር በዚያ ትምህርት ሩቡን አለፈ። ምክንያት አቅርብ ሲባል አባቱ የሞቱበትን ማስረጃ ከአገር ቤት አስልኮ ሰጠ። ኮሚቴው ቀኑን አየ። በመስከረም የሞቱ አባት በየካቲት እንዴት ትምህርት ያስቀራሉ?

«የነገረህ ሰው ይምጣና ይመስክር ብለውታል» አለ ሹፌሩ። «እስከ ሐሙስ። ካልመጣ ያባርሩታል።»

«ታዲያ ማነው የሚሄደው?» አልኩ።

ሰባቱም ምንጣፉን አዩ። አንዱ ኢቃማው ጊዜው አልፏል። አንዱ የቤት ሠራተኛ ተብሎ ገብቶ ግንበኛ ሆኗል፤ ቢያዝ ጣጣ ነው። ሹፌሩ ወረቀቱ ደህና ቢሆንም አሠሪው ፈቃድ አይሰጠውም። ጋሽ ሰይድ ምንም አላሉም።

«አንተ ‹እኔ ነኝ የነገርኩት› በላቸው» አለኝ ግንበኛው። «ኢቃማ አለህ፤ ዐረብኛ ትችላለህ። አንዲት ቃል ናት።»

«እኔ አልነበርኩም።»

«ሳትኖር ቀርተህ ነው እንጂ ብትኖር ትነግረው ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። «ለመደበቅ ሰባት ሰው ተገኝቶ ደበቅን ብሎ ለመናገር አንድ ይጥፋ? ልጁን ውሸታም ያሰኛችሁት እናንተ፤ አሁን ደግሞ በሌላ ውሸት እንድጠግነው እኔን ትጠሩኛላችሁ!»

ጋሽ ሰይድ ብቻ «ሻይ አምጡለት» አሉ። ሻዩን አልጠጣሁም።

ረቡዕ ጠዋት ሙኽታርን ይዤ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። በሩ ላይ ኢቃማዬን አይተው አስገቡኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ዶክተር ነበር። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ማስረጃው እውነተኛ ነው፤ አልጠረጠርኩትም» አለኝ። «የጠረጠርኩት ታሪኩን ነው። ለአምስት ወር አባቱ መሞቱን አላወቀም ትለኛለህ?»

«አልተነገረውም ነበር። በእኛ አገር መርዶ ለሩቅ ሰው ይዘገያል። ለተማሪ ደግሞ ፈተና እስኪያልፍ ይደበቃል።»

«ማነው የደበቀው? ማነው የነገረው?» ወደ ሙኽታር ዞረ። «ልጄ፣ ማን ነገረህ?»

«ሰዎች» አለ ሙኽታር።

«ስም የላቸውም?»

ሙኽታር ዝም አለ። እግሩን ነካ አደረግኩት።

«አየህ?» አለኝ ዶክተሩ። «ባለፈውም እንዲህ ነው ያደረገው። ነገ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ ኮሚቴው ይቀመጣል። የነገረው ሰው ካልቀረበ ‹ሐሰተኛ ምክንያት› ብዬ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለኝም። አንተስ፣ ሲነገረው አይተሃል?»

ሁለቱም አዩኝ። አዎ ማለት እችል ነበር። «አላየሁም። ለቅሶው ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ሲነገረው አልነበርኩም» አልኩ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ሙኽታር ሲተነፍስ ተሰማኝ።

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን እንደዘጋሁ፣ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ምላስህ የት ሄደ? ‹አጎቴ ሰይድ ነው› ማለት ምን ይከብዳል?»

«ኢቃማ የለውም» አለ ሙኽታር። «ኢቃማውን ያወጣለት አሠሪ ‹ጠፍቶብኛል› ብሎ ካመለከተበት ዓመት አልፎታል። ስሙን ጽፌ ልስጣቸው? ተርሒል ይውሰዱት?»

ተርሒል ሰው ወደ አገሩ ከመጠረዙ በፊት የሚታሰርበት ነው። ጋሽ ሰይድ ማታ ለምን ዝም እንዳሉ አሁን ገባኝ።

«አንተን እኮ ሊያባርሩህ ነው።»

«አውቃለሁ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ምን ላድርግ?» ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ ሳልጠይቀው፣ «በየጁምዓው እደውል ነበር» አለ። «‹አባቴስ?› ስላት እናቴ ‹ገበያ ወርዷል› ትለኛለች። በሌላው ሳምንት ‹አጨዳ ላይ ነው›። አንድ ቀን ‹ድምፁን ካልሰማሁ አልዘጋም› አልኳት። ‹ጉሮሮውን አሞት ድምፁ ተዘግቷል› አለችኝ። ማር በሙቅ ውሃ ስጪው አልኳት። እሺ አለችኝ።»

መኪናዋን አስነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ዲራ ሄጄ ጋሽ ሰይድን ከመደብሩ በስተጀርባ ጠራኋቸው። ትከሻቸው ላይ የጣቃ አቧራ ነበር። ልጁ ለምን ስም እንደማይጠራ ስነግራቸው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«እኔን ብሎ ነው?»

«እርስዎን ብሎ ነው።»

«እኔ እኮ በእኔ ተቆጥቶ ዝም ያለ መስሎኝ…» አሉና ጥግ ላይ ካለ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ኸላስ፣ በቃ። እኔ እሄዳለሁ።»

«በሩ ላይ ኢቃማ ይጠይቃሉ። ከበሩ አያልፉም።»

«ሰውዬው ይሰግዳል?»

«መስገዱንማ ይሰግዳል።»

«የት?»

ለሙኽታር ደወልኩ፤ ለምን እንደምጠይቀው ግን አልነገርኩትም። ዶክተሩ ዙህርን የሚሰግደው ከግቢው አጥር ውጭ ባለው መስጊድ ነው አለኝ። ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው፤ የዶክተሩን መልክም ገለጽኩላቸው።

«መስጊድ ኢቃማ አይጠይቅም» አሉ፤ ተነስተውም ጣቃቸውን ተሸከሙ።

ሐሙስ ቀን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ጠበቁኝ። በመንገድ ላይ መብራት ሲይዘን አንድ የፖሊስ መኪና ከጎናችን ቆመ። ጋሽ ሰይድ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። መብራቱ ሲለቅ የፖሊሱ መኪና ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«ብያዝ ለልጁ አትንገረው» አሉኝ።

«ምን?»

«ተርሒል ብገባ። ፈተናው እስኪያልፍ እንዳትነግረው።»

መኪናዋን ዳር ላስይዝ ምንም አልቀረኝም። «ጋሽ ሰይድ፣ ይህን ከደገሙት እመልስዎታለሁ!»

«እሺ፣ እሺ። ንዳ፤ ሶላቱ እንዳያመልጠኝ። ያላ!»

እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ከመስጊዱ ውጭ፣ ደረጃው ሥር ጠበቅኩ። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን ባንድ እጃቸው እንደያዙ ከዶክተሩ ጋር ወጡ። የእሳቸው ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ነው፤ «ሙኽታር» እና «ኻሉ» ከሚሉት ቃላት ሌላ ዶክተሩ የገባው ነገር አልነበረም። ኻል የእናት ወንድም ነው። እኔን ሲያይ አወቀኝ።

«ይህ ሰው ማነው?»

«አጎቱ ናቸው። የነገሩት እሳቸው ናቸው።»

«አሳምረህ በለው» አሉኝ ጋሽ ሰይድ በአማርኛ።

«ያሉትን ነው የምለው።»

ተናገሩ፤ ተረጎምኩ። አማቻቸው መቼ እንዳረፉ፣ እህታቸው እንዴት እንዳስማለቻቸው፣ ማን ማን እንደተማከረ፣ ልጁን ለምን ቅዳሜ ማታ እንደጠሩት። አልቀነስኩም፤ አልጨመርኩም። ዶክተሩ መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ እንደፈራሁት ተቆጣ።

«አምስት ወር? ልጅ ለአባቱ ዱዓ ሳያደርግ አምስት ወር? ማን ፈቀደላችሁ? የሞተ ሰው ከልጁ ዱዓ ሌላ ምን አለው?»

«እኛ አድርገንለታል» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሶደቃ አውጥተናል፤ ቁርኣን አስነብበናል።»

«እናንተ ልጁ ናችሁ?»

«ፈተና ነበረበት» አሉ ጋሽ ሰይድ ዝቅ ባለ ድምፅ። ይህንንም ተረጎምኩ።

«ፈተናውን የማወጣው እኔ ነኝ» አለ ዶክተሩ። «አንድ ቃል ብትነግሩኝ በሌላ ቀን እፈትነው ነበር። ደንቡ ውስጥ አለ። ማን ጠየቀኝ?»

ይህን ስተረጉም ድምፄ ትንሽ ተለወጠ፤ ምክንያቱም ደንቡን እኔም አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ነው። አባት የሞተበት ተማሪ ፈተናው ይዛወርለታል። ሰባት ሰው አምስት ወር ሙሉ ልጁን ከፈተናው ሲጠብቅ ፈተናው ራሱ መንገድ ሊለቅለት ተዘጋጅቶ ነበር። የጠየቀ አልነበረም።

ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። «ንገረው» አሉኝ። «ኢቃማ የለኝም። ስሜን ይጻፍ፤ ቃሌንም ይያዝ። ልጁ ግን አልዋሸም።»

አመነታሁ። ከዚያ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«ስለ ኢቃማው አልጠየቅኩትም» አለ ዶክተሩ። ሰዓቱን አየ። «ለኮሚቴው የማቀርበው የልጁ አጎት መስጊድ ደጃፍ ላይ የተናገረውን ነው። የሰማሁት እኔ ስለሆንኩ ምስክሩም እኔ ነኝ። ‹ሐሰተኛ ምክንያት› የሚለው ክስ ይነሳል። መቅረቱ ግን ሌላ ነው። ለሐዘን ደንቡ የሚፈቅደው ሦስት ቀን ነው። ሦስቱን ቀን ከእሑዱ ጀምሮ እቆጥርለታለሁ። የቀረው የራሳችሁ ነው።»

«ሦስት ቀን!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «በሦስት ቀንማ የጂዳው ሰው እንኳ አልደረሰም በለው!»

እግዚአብሔር ይይላቸው፤ እሱንም ተረጎምኩት። ዶክተሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ይስቅ ይሁን ይናደድ አላውቅም። «የጂዳው ሰው ዩኒቨርሲቲ አይማርም» አለና ወደ በሩ ሄደ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙኽታር ደወለልኝ። ክሱ ተነስቷል። ከአምስቱ ትምህርቶች አራቱን ይፈተናል። የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ትምህርት ግን ሦስቱ ቀን ቢነሳለትም ሩቡን አልፏል፤ ተከልክሏል። ነጻ ትምህርቱ ከነማስጠንቀቂያው ይቀጥላል፤ ኢቃማውም አይነካም። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ፣ «አጎቴን እዚያ ድረስ የወሰድከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ የወሰኑት ግን ራሳቸው ናቸው።»

«ሳይነግረኝ?»

«ሳይነግሩህ።»

ስልኩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ሱወይዲ አልሄደም። ጋሽ ሰይድ ምግብ ሠርተው ተማሪዎች መኖሪያ በር ላይ ለጥበቃው እየሰጡ ይመለሱ ነበር። ሲታረቁ አልነበርኩም፤ ስለዚህ እንዴት እንደታረቁ መጻፍ አልችልም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የተከለከለውን ትምህርት እንደገና ወስዶ ሲመረቅ፣ በስልክ በተላከልኝ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አይቻለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፤ አንተን ምን ለወጠህ ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ሐሙስ ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር አገር ቤት ላለችው እህቴ ደወልኩ። ስለ ሙኽታር ነገርኳት። ሰዎቹን ነቀፍኩ፤ ባህሉን ነቀፍኩ። «እኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታደርጉ» አልኳት። «ማንም ቢሆን፣ በየትኛውም ሰዓት፣ ሥራ ላይም ብሆን፣ ያኔውኑ ደውላችሁ ንገሩኝ። ሰምተሻል?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ያረፈው «ጋሼ» የምንለው የአባታችን ታናሽ ወንድም ነበር፤ ካረፈ ከስድስት ወር በላይ ሆኖታል። በእነዚያ ወራት በደወልኩ ቁጥር «ጋሼን ሰላም በይልኝ» እላት ነበር፤ «እሺ» ትለኝ ነበር። «ለምን?» ስላት «ብቻህን ነህ፤ ሥራህም ይከብዳል፤ እስክትመጣ ብለን ነው» አለች። እያለቀሰች ስለነበር አልጮህኩባትም። መጮህ ግን ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ስደውል ሰላምታ አስቀድሜ አላውቅም። የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ «አለ? አለች?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያመነታ ሰው ካለ ያ ሰው ራሱ ስልክ ላይ እንዲመጣልኝ አደርጋለሁ። ቤተሰቦቼ መርማሪ ሆንክ ይሉኛል፤ ይበሉ። እናንተም ልጅ ሪያድ፣ ቤይሩት ወይም ሌላ አገር ያላችሁ፣ ለእሱ ብለን ነው ማለታችሁን አውቃለሁ፤ ጋሽ ሰይድም እንደዚያ ነበር የሚሉት። ልጁ ግን ዛሬ ማታ ይደውላል፤ «አባቴስ?» ይላል። ንገሩት።